የጥሩብርሃን ቀን

ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
አነደድ፣ ከአምበር በላይ

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለአበረ፤ አዲስ አበባ።

ክረምቱን በሰላም ያስወጣን አምላክ አንተንም ባለህበት ይጠብቅህ፤ ከመኪናና ከክፉ ባልንጀራ ይሰውርህ፤ የላብህን ፍሬ ለራስህ ያድርግልህ። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደኅና ነኝ። አክስትህ ሥራነሽ ደኅና ናት፤ ስምህን ስታነሳ ትውላለች። ላሚቱ ወልዳለች፤ ወይፈን ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። የስልኩ መስመር ከጠፋ ሦስተኛ ወሩን ስለያዘ ድሮ ዳዊት በገለበጥኩበት እጄ ልጽፍልህ ተነሳሁ። ይህን የሚያደርስልህ ፈሐድ ነው፣ አምበር ሱቅ ያለው የነፊሳ ልጅ። ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ ሲሄድ ይፈልግሃል።

ሰላምታው አለቀ፤ አሁን ወደ ቁጣዬ ልግባ።

በመስቀል ማግስት ማንም ሳያይህ ወጣህ። ለምን ሄድክ አልልህም። በዚህ መንደር የቀሩትን ጎረምሶች ብቆጥር የአንድ እጄ ጣት ይተርፈኛል። የአባትህ መሬት ለአንተም ለእኔም እንደማይበቃ እኔው ራሴ አውቃለሁ፤ ሳርሰው የኖርኩት እኔ ነኝና። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ነሐሴ ላይ ጤፍህን ማን አረመልህ? አምሳሉ፣ ጌቱ፣ ጥሩብርሃን። ሦስቱም በወንፈል ነው የመጡልህ። ወንፈል ማለት ዛሬ እኔ ለአንተ፣ ነገ አንተ ለእኔ መሆኑን በዚህ ዕድሜህ ላስተምርህ አልነበረም። ቀናቸውን ሰጡህ፤ አንተ የእነሱን ሳትመልስ አውቶቡስ ላይ ወጣህ። እዚህ እንዲህ ያለውን ሰው ምን እንደሚሉት ታውቃለህ። ቀን በልቶ ሄደ ነው የሚሉት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሲሉ ሰማሁ፤ ያልሰማ መስዬ አለፍኩ።

የሁለቱስ ይሁን፣ ወንዶች ናቸው። ጥሩብርሃንን አስብ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጅ የላት፣ ወንድም የላት። ወገቧን በመቀነት አስራ ከጧት እስከ ማታ ጎንበስ ብላ ስትነቅልልህ ዋለች፤ የምትበላውን ቆሎ እንኳ ከቤቷ ይዛ ነው የመጣችው። ያን ሁሉ ስትሆን የምታስበው የአንተን ማጭድ ነበር። ኅዳር ላይ ጤፏን የሚያጭድላት ሌላ ሰው የለማ።

የምጠይቅህ ሦስት ቀን ነው። ኅዳር ሲጋመስ ና፣ ሦስቱን ቤት እጨድና ወደፈለግህበት ተመለስ። ያኔ እኔም መርቄ እሸኝሃለሁ።

አጎትህ እንዳላማው


ጥቅምት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ ለአቶ እንዳላማው።

እንደ አባት ያሳደጉኝ አጎቴ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎንስ ተሻለዎት? አክስቴን ሥራነሽን በጣም አድርገው ይሳሙልኝ። እኔ በእናንተ ጸሎት ደኅና ነኝ።

ቁጣዎ ደርሶኛል፤ ይገባኛልም። ሳልሰናበትዎ የወጣሁት ንቄዎት አይደለም። ፊትዎን ካየሁ እንደማልሄድ ስላወቅሁ ነው።

እዚህ ሥራ ይዣለሁ። አሥራ ሁለት ፎቅ የሚሆን ሕንፃ ነው፤ አሁን ሰባተኛው ላይ ደርሰናል። ስጀምር አሸዋና ብሎኬት ነበር የምሸከመው። አሁን ካቦው፣ የቀን ሠራተኛውን የሚያዘው ሰውዬ ማለቴ ነው፣ ፌሮ ከሚያስሩት ጋር ደባልቆኛል። እጅህ ፈጣን ነው አለኝ። የት እንደፈጠነ አልነገርኩትም።

ከላይ ሆኜ ወደ ከተማው ዳር ስመለከት አንድ ነገር አየሁ፤ ይገርምዎታል። ባልተጨረሱ ፎቆች መካከል የጤፍ ማሳ አለ። ባለመሬቶቹ ካሳ ተቀብለዋል፣ ዘንድሮ የመጨረሻ አዝመራቸው ነው ይላሉ። ነፋስ ሲነካው ልክ እንደኛው ይተኛል። የምሳ ሰዓቴን እሱን እያየሁ ነው የምጨርሰው።

የወንፈሉን ነገር አስቤበታለሁ። መምጣት አልችልም፤ አንድ ቀን ከቀረሁ ቦታዬን ሌላ ሰው ይይዘዋል። በሩ ላይ በየጧቱ የሚቆመው ሰው ብዛቱ የገበያ ነው። ስለዚህ የሦስት ቀን የሰው ዋጋ በፈሐድ እጅ ልኬአለሁ፤ በአዲስ አበባ ሒሳብ ነው፣ ከእኛ አገር ይበልጣል። ለሦስቱም ይስጡልኝ፣ ሰው ቀጥረው ያሳጭዱበት። ስሜም ይመለስ።

ልጅዎ አበረ


ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.
አነደድ

ይድረስ ለልጄ ለአበረ።

የሰማይ ወፎችን የሚመግብ አምላክ ሰባተኛ ፎቅ ላይ የቆመውንም ልጅ አይርሳ። ስትወጣና ስትወርድ እግርህን ያጽናልህ። ሥራነሽ ከዚያ ከፍታ ጤፍ ያየህ ዓይን የእኛን እንዴት አላየም ብላሃለች፤ እኔ አላልኩም።

ብሩ ደርሷል። የሆነውን ልንገርህ፤ ጽሑፌ ቢንጋደድብህ ብዕሩ ነው።

አምሳሉ ወሰደ። አልፈርድበትም፤ አምስት ልጆች አሉት፣ የማዳበሪያውን ዋጋም ታውቀዋለህ። ግን በሳምንቱ ጤፌን ላሳጭድ በወንፈል ና ብለው መሬት መሬት እያየ፣ «አያ እንዳላማው፣ የአበረን ዋጋ ካሰቡልኝ እመጣለሁ» አለኝ። አርባ ዓመት ከአባቱ ጋር ስንተጫጨድ ኖረናል። ዋጋ የሚል ቃል በመካከላችን ተነስቶ አያውቅም። ወሬው ወዲያው ዞረ። አሁን በዚህ መንደር ቀን ዋጋ ወጥቶለታል፤ ዋጋውም አዲስ አበባ የወጣ ነው፣ ከእኛ አንዱም አይችለው። አንተ ለመልካም ብለህ ነው፤ እኔም ብሩን ስሰጥ ይህ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ሁለታችንም ሞኞች ነን።

ጌቱ አልወስድም አለ። የእሱ ቀን ተመልሷል፤ እንዴት ብለህ አትጠይቀኝ።

ጥሩብርሃን ግን ብሩን መሶቡ ላይ አስቀምጣ ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ፣ «አያ እንዳላማው፣ ይኼ ማጭድ ይይዛል?» አለችኝ። ሰው ቅጠሪበት አልኳት። «ማንን?» አለች። እኔም ማንን እንደምትቀጥር ሳስብ አጣሁ። ከዚህ እስከ አምበር ቀኑን የሚሸጥ ጎረምሳ የለም፤ ሁሉም እናንተ ዘንድ ነው ያለው። ብሩን መልሳ እጄ ላይ አድርጋ፣ «የአበረ ቀን አለኝ፤ እጠብቀዋለሁ» አለች።

ጤፏ ደርሷል። ከገደሉ አፋፍ ያለችው ማሳ ናት፣ ታውቃታለህ። ከእንግዲህ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ይቆማል። ሁለት ቀን ለመንገድ፣ አንድ ቀን ለማጭድ ነው። ፈሐድ ይህን እንዳደረሰልህ ተነስ።

እንዳላማው


ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ይድረስ ለአጎቴ።

እንደምን ሰነበታችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን እኔ ደኅና ነኝ። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። መንገድም ተዘግቶ ነበር አሉ።

እመጣ ነበር። ይህ ሳምንት ይለፍ ስል ሌላው ይመጣል። ለእትዬ ጥሩብርሃን እንዳልረሳኋት ይንገሩልኝ። ምናልባት ከገና በኋላ ይመቸኛል።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነበር። ጌቱም እሷም አልወስድም ያሉት ብር እርስዎ ዘንድ ካለ በፈሐድ ቢልኩልኝ ጥሩ ነው። እዚህ ለጊዜው የሚያስፈልገኝ ነገር አለ። ትልቅ ነገር አይደለም፤ አይጨነቁ።

ደግሞ የባለፈውን ደብዳቤ ማን ነው የጻፈልዎ? የእርስዎን እጅ አውቀዋለሁ። መጨረሻው ላይ ፊደሉ የሌላ ሰው ይመስላል።

አበረ


ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
አነደድ

ይድረስ ለልጄ ለአበረ።

ከተወለደው ጌታ በረከት አይለይህ። የትም ቁም፣ የት፣ ቸር ሰው አጠገብ ያቁምህ።

ብሩን ልኬልሃለሁ። የሁለት ቤት ነው፣ ሳይነካ ነበር የተቀመጠው። ለምን ፈለግኸው አልልህም፣ አውቀዋለሁና። ፈሐድ ባለፈው ሲመለስ፣ «አገኘሁት፣ ደኅና ነው» አለኝ። ፎቁ ላይ ነው ያገኘኸው? ስለው ውሃ ጠጣ። ደግሜ ስጠይቀው ስለ ዘይት መወደድ ማውራት ጀመረ። ያ ልጅ ነጋዴ ሆኖ መዋሸት አለመቻሉ ይገርመኛል። በመጨረሻ አደባባይ ላይ ከሰው መሐል ቆመህ እንዳየህ ነገረኝ። አንተም አይተኸው ፊትህን አዙረሃል። አልፈርድብህም፤ እኔም ያንተው ዘመድ ነኝ፣ የደበቅሁህ ነገር አለ።

የጌቱን ቀን የመለስኩት እኔ ነኝ። ሳጭድለት ውዬ ነዶ ልሸከም ስል ቀኝ ትከሻዬ ድው አለ። ከዚያ ወዲህ እጄ ከአፌ በላይ አይወጣም። ደብዳቤውን ጀምሬ ያስጨረስኩት ሥራነሽን ነው፤ ይኼንንም የምትጽፈው እሷ ናት፣ እኔ እናገራለሁ። (ትከሻውን አሁንም ቅቤ እያሸሁት ነው፤ ወጌሻ ጋ ሂድ ብለው አሻፈረኝ ብሎኛል። ሥራነሽ ነኝ።)

የጥሩብርሃንን እንዲህ ሆነ። እስከ ታኅሣሥ አምስት ድረስ ጠበቀች። መንገድ ላይ አውቶቡስ በተሰማ ቁጥር ከቤቷ ትወጣ ነበር። እኔ በትከሻዬ ምክንያት ልረዳት አልቻልኩም። ጌቱ የራሱ ላይ ነበር፤ አምሳሉን ደግሞ አልጠይቅም አለች። በመጨረሻ ብቻዋን ጀመረች። ሩቡን እንኳ ሳታጭድ ያ ያለ ወቅቱ የመጣው ዝናብ ሁለት ቀን ጣለ። ጤፉ መሬት ላይ ተኛ፣ ረገፈ። ከብት ለቀቁበት። እሷም አልከለከለች፣ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ታይ ነበር።

ለገና መሬቷን ለአምሳሉ በእኩል ሰጥታ ማርቆስ ገባች። መናኸሪያው አጠገብ ቅቅል ድንች ትሸጣለች ይባላል። ስትሄድ ልሸኛት ወጣሁ፤ ስለ አንተ ይቅርታ ልጠይቃት ነበር። እሷ ግን ቀድማኝ፣ «አበረን አትቆጡት፤ ከተማ ሰውን ያስረሳዋል» አለችኝ። ብትሰድብህ ይሻለኝ ነበር፤ ይኼኛው አሳረረኝ።

ጥፋተኛ ፈልጌ ደከመኝ። አምሳሉን አልኩ፣ አንተን አልኩ፣ ያን ብር የተቀበልኩትን ራሴን አልኩ። አሁን ተውኩት። የእኔም ክምር ሳይወቃ እንደቆመ ነው፤ በሬዎቹን የሚነዳ ሰው የለኝም። ና አልልህም። ሁለት ጊዜ ብያለሁ፣ ከእንግዲህ አንተ ታውቃለህ።

እንዳላማው፣ በሥራነሽ እጅ


ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ

ለአጎቴ።

የዛሬውን ሰላምታ አሳጥሬዋለሁ፤ ምክንያቱን መጨረሻው ላይ ያገኙታል።

ሕንፃው የቆመው ኅዳር ሲገባ ነው። ባለቤቱ ገንዘብ አልቆበታል አሉ። ሰባተኛው ፎቅ ላይ ፌሮው እንደ ቆመ ቀርቷል፤ ያሰርኩትን ከታች ሆኜ አየው ነበር። ከዚያ ወዲህ የዋልኩት ፈሐድ ያየኝ አደባባይ ላይ ነው። ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እንቆማለን። መቶም እንሆናለን፣ ከዚያም እንበልጣለን፤ ግማሹ የጎጃም ልጅ ነው። መኪና ሲቆም እንሮጣለን። አሥር ሰው ተመርጦ ይሄዳል፣ ሌላው ይመለሳል። በሳምንት ሁለት ቀን ከተመረጥኩ ደግ ነበር።

አሁን የምነግርዎ ለማንም ያልነገርኩትን ነው። የኅዳር ደብዳቤዎ የደረሰኝ እዚያ ቆሜ ነው። በዚያ ሳምንት አምስት ቀን ቆምኩ፤ አምስቱንም ቀን ማንም አልፈለገኝም። አገር ቤት ደግሞ እትዬ ጥሩብርሃን አንዱን ቀን ትጠብቅ ነበር። ሒሳቡን ያኔም አውቀው ነበር። ያልመጣሁት ነገ ይመርጡኛል ብዬ ነው፤ በማግስቱም ነገ ይመርጡኛል አልኩ። ደግሞም ባዶ እጄን መምጣት አፈርኩ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ያልኩዎት ውሸት ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

በላኩልኝ ብር ትኬት ቆረጥኩ። አውቶቡሱ አምበር ሲደርስ ሁለት ሰዎች ወረዱ። እኔ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ፤ እሷን ሳላይ እርስዎን ማየት አልቻልኩም።

መናኸሪያው ዳር ከሦስት ሴቶች ጋር ተደርድራ አገኘኋት። ከስታለች። አላወቀችኝም፤ «የስንት ላድርግልህ?» አለችኝ። «እትዬ ጥሩብርሃን፣ አበረ ነኝ፤ ቀንዎን ልመልስ መጣሁ» አልኳት። ቀና ብላ አይታኝ አይታኝ ሳቀች። «እንግዲህ ምኑን ታጭድልኛለህ፣ ድንቹን?» አለች። ሌሎቹም ሴቶች ሳቁ። እኔ ግን ማልቀስ ጀመርኩ፤ በአደባባይ፣ በተሳፋሪ ሁሉ ፊት። ተነስታ በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝና ድንጋይ ላይ አስቀመጠችኝ። ድንች ሰጥታኝ በላሁ፤ ዳጣው ሲበዛብኝ ዕንባዬን በሱ አሳበብኩ።

ያን ቀን ስሠራላት ዋልኩ። ከቦኖ ውሃ ቀዳሁ፣ ከገበያ ጆንያ ድንች ተሸከምኩ፣ እንጨት ፈለጥኩ። የተከራየችው ቤት አንድ ሰው ከተኛበት ሁለተኛው ቆሞ ማደር ያለበት ነው፤ በሩ አይገጥምም ነበር፣ እሱንም አስተካከልኩላት። ቀን ሳይመሽ ጨርሼ፣ «እትዬ፣ እንግዲህ ቀንዎ ተመለሰ?» አልኳት።

«አልተመለሰም» አለች።

ያነሰ መስሎኝ ነገም እውላለሁ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

«ይኼ ያንት ደግነት ነው፤ ተመረቅበት። ቀኔን ግን አልቀበልህም። እንካ ብትለኝም እጄን አልዘረጋ። አየህ፣ ቤቴን ዘግቻለሁ። መሬቴን አምሳሉ ያርሰዋል። ድመቴ እንኳ ሥራነሽ ዘንድ ናት። እዚያ አገር የቀረኝ አንት ዘንድ ያለው ቀን ብቻ ነው። እሱን ከመለስክልኝ ምኔ ቀረ? ይቆይልኝ። አንድ ቀን ተመልሼ ስዘራ፣ በማጭድህ ትመጣለህ።»

እንደማትዘራ እሷም ታውቃለች፤ እኔም አወቅሁ። እሺ አልኳት።

አጎቴ፣ ባለዕዳ ሆኜ ቀርቻለሁ። መንደሩ ቀን በልቶ ሄደ ቢለኝ አይከራከሩልኝ፤ የእሷ ባለዕዳ የሚለውን ስም እይዛለሁ። ከተማ መመለሴን ወይም መቅረቴን አላውቅም፤ ሁለቱም ቦታ ለእኔ የሚበቃ ቦታ ያለ አይመስለኝም፣ ደክሞኛል። ክምርዎ ግን ሳይወቃ አይቀርም። ትከሻዎንም ራሴ ወጌሻ ጋ አዝዬም ቢሆን እወስድዎታለሁ።

ሰላምታውን ያሳጠርኩት ይህን ደብዳቤ ፈሐድ ስለማያመጣው ነው። እኔው ነኝ የሰጠሁዎት። ፊትዎ ቆሜ በአፌ እንደማልጨርሰው ስላወቅሁ ማርቆስ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ከአክስቴ ጋር ያንብቡት።

ስትጨርሱ ጥሩኝ። በረቱ ጋ ነኝ፣ በሬዎቹን ውሃ እያጠጣሁ።

አበረ